እነ ጆድን ያፈናቀላቸው አቧራው ነው?

እስቲ የአሜሪካን ካርታ ዘርጉና ኦክላሆማን ፈልጉ። እጀታ ያለው መጥበሻ ትመስላለች፤ እጀታው በስተምዕራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰማዩን ያጨለመው የአቧራ ማዕበል ክፉኛ የመታው ይህን እጀታና ዙሪያውን ነበር። አሁን ጣታችሁን ወደ ምሥራቁ ጠርዝ፣ ወደ አርካንሳስ ድንበር ውሰዱት። ሳሊሶ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ።

ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» (የቁጣ ወይን) ልቦለድ፣ እነ ጆድ ጓዛቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱት ከዚህች ከተማ አካባቢ ነው። ቦታው ከአቧራው ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ታዲያ ምን አፈናቀላቸው?

በመጀመሪያ፣ አቧራው ራሱ የሰው እጅ አለበት። በምዕራቡ ሜዳ አፈሩን አጥብቆ የያዘው የሣር ሥር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲንር ሣሩ በሰፊው ታረሰ። ኋላ ድርቅ ሲመጣ ራቁቱን የቀረውን አፈር ነፋስ ጠረገው።

በምሥራቅም ድርቁ ነበር፤ ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። እንደ እነ ጆድ ያሉ ብዙ ገበሬዎች ጥጥ የሚያመርቱት በሰው መሬት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ጭሰኞች ናቸው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጥጥ ዋጋ ወደቀ። በ1933 መንግሥት ዋጋውን ለማንሳት ሲል መሬት ሳያርሱ ለሚተዉ መክፈል ጀመረ። ምርት ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራልና ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ችግሩ ገንዘቡ ቀድሞ የሚገባው በባለመሬቱ እጅ መሆኑ ነው። መሬቱ ካልታረሰ ጭሰኛው ምን ይሠራል? ብዙዎች ተሰናበቱ፤ አንዳንዱ ባለመሬትም ትራክተር ገዛ። ስታይንቤክ ልቦለዱን በአቧራ ቢጀምርም፣ የእነ ጆድን ቤት ገፍቶ ያናጋው ትራክተር ነው።

ካሊፎርኒያ ሲደርሱ ደግሞ ሥራ ፈላጊው ከሥራው በለጠ። አንዱ «በዚህ ክፍያ አልለቅምም» ቢል፣ ልጆቹ የራቡበት ሌላ ሰው ከኋላው ቆሟል። ክፍያው ወረደ። ስታይንቤክ ይህን ወንበር ላይ ተቀምጦ አልፈጠረውም፤ በ1936 ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ሊዘግብ በስደተኞቹ ሰፈሮች ዞሯል። መጽሐፉ እንደወጣ በካሊፎርኒያ የከርን ካውንቲ አስተዳደር ከትምህርት ቤቶችና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገደው። በ1940 ግን የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ትራክተርና ጭሰኛ በእኛም አገር ተገናኝተዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአርሲ ጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ተቋቁሞ ምርት ጨመረ። እርሻው ሲያተርፍ ግን ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። እነዚህን ያስለቀቃቸው ድርቅ ሳይሆን የተሻለ ምርት ነው!

ስለዚህ «ድርቅ ገበሬዎችን አፈናቀለ» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ ዝናቡ መቼ እንደቀረ ብቻ አትጠይቁ። መሬቱ የማን ነበር? ካሳው ወይም ድጎማው በማን እጅ ገባ? ድርቅ ሁሉንም ይመታል፤ ማን ጓዙን ጠቅልሎ እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።