«የአብራሪው ስህተት» የማን ስህተት ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢ-17 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አንድ እንግዳ አደጋ ይደጋገምባቸው ነበር። በሰላም ካረፉ በኋላ ጎማቸው ይታጠፍና በሆዳቸው ይዘረጋሉ። ሪፖርቱ «የአብራሪ ስህተት» ይላል፤ በቃ፣ ፋይሉ ይዘጋል።

ሲ-47 በሚያበሩት ላይ ግን ይህ አይደርስም። ለምን? የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ኮክፒቱን አየ። በቢ-17 ላይ ጎማውንና የክንፉን ፍላፕ የሚያንቀሳቅሱት ስዊቾች ጎን ለጎን ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። የደከመ ሰው ፍላፑን መለሰሁ ብሎ ጎማውን ቢያጥፍ ምን ይገርማል? መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ለአንዱ የጎማ፣ ለሌላው የክንፍ ቅርጽ ያለው እጀታ። እጅ ራሱ ይለየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስ እና ሪቻርድ ጆንስ 460 «የአብራሪ ስህተቶችን» ሲመረምሩ ብዙዎቹ ከመቆጣጠሪያዎቹ ዲዛይን ጋር ተያይዘው ተገኙ።

ይህ ዕውቀት የኢንጂነሩም የሥነ ልቦና ባለሙያውም ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ቤት ያስፈልግ ነበር። በ1949 በሃይዌል ሙረል አነሳሽነት በብሪታኒያ የኧርጎኖሚክስ ማኅበር ተመሠረተ። ስሙ «ሥራ» እና «ሕግ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። በ1957 ደግሞ የአሜሪካው የሂውማን ፋክተርስ ማኅበር በተልሳ፣ ኦክላሆማ ተቋቋመ፤ በ1992 «ኧርጎኖሚክስ»ን በስሙ ላይ ጨመረ።

እኔም አንድ ጊዜ ላብ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስዊቾች አምታትቼ ሞተር አቃጥያለሁ። «ተጠንቀቅ» ተባልኩ፤ ስዊቾቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። አሁን አንዱ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።