አንድ መስመር ለቤቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ

በአንድ ቤት ሦስት ኮምፒዩተር ቢኖር እንኳ ከውጭ የሚታየው የኢንተርኔት አድራሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ነገሩ የመጣው ከእጥረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ኢንተርኔት የሚሠራበት የአድራሻ ሥርዓት ያለው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎች ማለቁ እንደማይቀር ተረዱ።

በ1994 ኬልድ ኤጌቫንግና ፖል ፍራንሲስ ለጊዜው የሚሆን መላ በጽሑፍ አቀረቡ። ኮምፒዩተሮቹ ለውስጥ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይይዛሉ፤ መውጫው ላይ ያለው መሣሪያ መልእክታቸውን በውጭው አድራሻ ይልካል፤ መልሱ ሲመጣም ከመዝገቡ አይቶ ለጠየቀው ያደርሳል። አገር ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ለብዙ ሰው እንደሚያገለግለው ማለት ነው።

በ1999 የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ይህንኑ ይዞ መጣ፤ ሞደም ያለው ኮምፒዩተር ለሌሎቹ አሳላፊ ሆነ። እሱን ያጠፋ ልጅ ግን የቤቱን ሁሉ ኢንተርኔት ያጠፋ ነበር! ከዚህ የገላገለን ራውተር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው።

በ2011 የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ለየአህጉሩ ተከፋፈሉ፤ «ለጊዜው» የተባለው መላ ግን ዛሬም ይሠራል። ዋጋም አስከፍሏል፤ በዚህ መንገድ የተያያዘ ኮምፒዩተር ወደ ውጭ ይደውላል እንጂ፣ በራውተሩ ላይ አስቀድሞ ካልተፈቀደ በቀር ከውጭ አይደወልለትም።