ያገለገለ ትሮምቦንና የመጨረሻው መለከት

እንደ ሾኔ ባሉ ከተሞቻችን ጎህ ሳይቀድ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ያዳምጣል። «ማን አረፈ?» ይባላል። ለብዙዎቻችን የጥሩምባ ድምፅ የመርዶ ድምፅ ነው።

ከ300 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስለ እምነታቸው ተሰደው በጀርመን ሄርንሁት መንደር የሰፈሩ ሞራቪያውያን ክርስቲያኖችም ከመካከላቸው አንዱ ሲያርፍ በትሮምቦን ዜማ ለመንደሩ ያሳውቁ ነበር። ነገር ግን በትንሣኤ በዓል ማለዳ ወደ መቃብሩ ስፍራ ሄደው የጌታን መነሣት ያበሠሩትም በዚያው መሣሪያ ነው። ማርቲን ሉተር 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥52ን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ ለመጨረሻው መለከት የተጠቀመበት ቃል «ፖዛውነ» ነው፤ ዛሬ ጀርመኖች ትሮምቦንን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ መርዶውን የሰማ አማኝ፣ ሙታን የሚነሡበትንም መለከት ያስብ ነበር።

በአገራችንም ታሪክ የነሐስ መሣሪያ ከሞት በተረፉ እጆች ተይዞ ገብቷል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በአርመን ገዳም አገኙ። 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሊጠፋ የነበረ ትንፋሽ ለአገር ዜማ ሆነ።

ትሮምቦን ከ500 ዓመት በላይ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። የቀድሞው ዓይነት ቀላሉ ትሮምቦን ቁልፍ የለውም፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ቱቦ ብቻ ነው ያለው። እጅ የት እንደሚቆም የሚያሳይ ምልክት የለበትም፤ ነፊው አጠገቡ ያሉትን እየሰማ ትክክለኛውን ድምፅ በጆሮው ይፈልጋል። በሀዲያና በከምባታ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ያለ መሣሪያ የዘመሩ አባቶቻችንና እናቶቻችንም እንዲሁ እርስ በርስ ይደማመጡ ነበር።

ያገለገለ ትሮምቦን የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። በሰፊው አፉ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉደት ለዓይን ባያምርም ድምፁን እምብዛም አይጎዳም። ተንሸራታቹ ቱቦ ከጎበጠ ወይም ውስጡ ከቆሸሸ ግን መሣሪያው ቢያብረቀርቅም አይታዘዝም።

ወገኔ፣ እኛም ያገለገልን ዕቃዎች ነን። ኑሮ ሰርጉዶናል፤ ሐዘን ጠባሳ ጥሎብናል። ጌታ ይህን አይቶ አይጥለንም፤ የሚመረምረው ውስጣችንን ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥8 እንደሚያሳስበን፣ መለከት ድምፁ ካልለየ ሰሚው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ነገ ማለዳ የዕድሩ ጥሩምባ ቢነፋና ወደ ልቅሶ ቤት ብንሄድ፣ ሐዘንተኛው ከእኛ የሚሰማው ምንድን ነው? መርዶ ብቻ ነው ወይስ የትንሣኤ ተስፋ?

ጌታ ሆይ፣ ውስጣችንን አጥራ፤ በትንፋሽህም ሙላን። አሜን።