የአየር ውታፍ፦ አረፋ ልብና አንጎል ሲደርስ

አምቦም ሆነ ወሊሶ፣ ጉሉኮስ የተተከለለት ሕመምተኛ አስታማሚ ዓይኑን ከቱቦው አይነቅልም። አንዲት አረፋ ወደ ታች ስትንሸራተት ካየ «ሲስተር፣ አየር ገባ!» ብሎ ይጣራል። ሲስተር መጥታ ቱቦውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አረፋዋን ወደ ላይ ትመልሳለች፤ ሥራ ከበዛባት ደግሞ «ግዴለም» ብላ ታልፋለች። አስታማሚው የፈራው በከንቱ አይደለም፤ ሲስተሯም «ግዴለም» ያለችው በቸልታ አይደለም።

የተፈራው ነገር በሕክምና ኤር ኢምቦሊዝም ይባላል። እዚህ «የአየር ውታፍ» ብዬዋለሁ፤ ደም ሥር ውስጥ የገባ አየር የመጀመሪያ ጥፋቱ መንገዱን መወተፍ ነውና። «መርጋት» የሚለውን የተውኩት የሚረጋው ደም እንጂ አየር ስላልሆነ ነው።

በክንድ ደም ሥር የገባች ትንሽ አረፋ ወደ ቀኝ ልብ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ትሄዳለች። የሳንባ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይይዟትና አየሩ ቀስ በቀስ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። አዋቂን ይገድላል ተብሎ የሚገመተው በፍጥነት የገባ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር አየር ነው። የጉሉኮስ ቱቦ ባዶውን ቢሆን እንኳ የሚይዘው 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ስሌት ግን ለሕፃንና ልቡ ለደከመ ሰው አይሠራም። ከክንድ ይልቅ የሚያሰጋው አንገት ነው። በአንገት በኩል እስከ ልብ አጠገብ የገባ ወፍራም ቱቦ ሕመምተኛው ቁጭ እንዳለ ከተነቀለ፣ ሰውየው ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ደም ሥሩም አብሮ የውጭውን አየር ይስባል። እንዲህ ያለው ቱቦ ሲነቀል «ተኛ፣ አትተንፍስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀኝ ልብ ብዙ አየር ሲገባበት የሚሆነውን በጉደር ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ያውቀዋል። ፓምፑ አየር የሳበ ዕለት ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ደም ስለማይታመቅ ልብ ሲኮማተር ወደፊት ይሄዳል። አየር ግን ልብ ሲኮማተር ይታመቃል፣ ሲላላ መልሶ ይሰፋል፤ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። በመካከሉ ደሙ ተንጦ አረፋ ይሆናል፤ ሐኪም በማዳመጫው ሲንቦጫረቅ ሊሰማው ይችላል። ወደ ሳንባ የሚያልፈው ደም ያንሳል፣ ግራ ልብ የሚረጨው ያጣል፣ የደም ግፊት ያሽቆለቁላል። ሕመምተኛው ድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ይይዘዋል፣ ራሱን ይስታል።

ከሳንባ ወዲያ ያለው አየር ግን የሚያጣራው የለም። ወደ አንጎል የሚወስደው ደም ሥር ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ቢገባ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ልብን ራሱን በሚመግቡት ሥሮች ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ የልብ ምትን ሊያዘባርቅ ይችላል። እንዴት ይሻገራል? ከአራት አዋቂዎች አንዱ ገደማ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ከማኅፀን ዘመኑ የቀረ፣ ያልተደፈነ ቀዳዳ አለው። አብዛኛው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። አየር የቀኝ ልብን ግፊት ሲያንረው ግን አረፋው በዚያች ቀዳዳ ወደ ግራ ይሾልካል።

አንጎል ውስጥ የሚታየው ስትሮክን ይመስላል፦ አንድ ጎን ይዝላል፣ አንደበት ይያዛል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። አረፋው መንገድ ከመዝጋቱም በላይ የደም ሥሩን የውስጥ ገበር ይፍቃል። ገበሩ ሲቆስል ፈሳሽ ያሳልፋል፣ አንጎልም ያብጣል። ስለዚህ አረፋው ካለፈ በኋላ የተሻለው የመሰለ ሰው ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊብስበት ይችላል።

የጋዙ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፤ እዚህ ላይ የአምቦ ሰው ከማንም በላይ የሚቀርበው ነገር አለ። ከወንጪ ምንጮች እየተንተከተከ የሚወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ አምቦ ላይ የሚታሸገውም ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደም ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ውታፉም አይለቅም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከ40 እጥፍ በላይ ይሟሟል። ሆድን በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚያክሙ ቀዶ ሐኪሞች ሆዱን የሚነፉት በዚሁ ጋዝ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ ቢያመልጥ ቶሎ ይሟሟል በሚል። ልብ ከፍተው የሚያክሙትም የተከፈተውን ደረት በዚሁ ጋዝ ይሞላሉ። ይህ ማለት ግን ፍጹም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በብዛት ከገባ እሱም ይገድላል። (አምቦ ውሃ የጠጣ ሰው አይስጋ፤ የሆድ ጋዝ በግሳት ይወጣል።)

የወንጪ ሐይቅ (ሐሮ ወንጪ) ሌላም ነገር ያስረዳል። ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። በሲሊንደር የታመቀ አየር እየተነፈሰ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ባሕር ላይ ቢሆን የሳንባው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ወንጪ ላይ 2.4 እጥፍ ገደማ። ሳንባው ይቀደድና አየሩ በቀጥታ ወደ ግራ ልብና ወደ አንጎል ይሄዳል። ከላይ ትንፋሹን ስቦ የሚጠልቅ ተራ ዋናተኛ ይህ አያሰጋውም፤ ሲመለስ አየሩ ከሳበው አይበልጥምና።

ሕክምናው በዚያው የግፊት ሕግ ይሄዳል። መጀመሪያ የአየሩ መግቢያ ይደፈናል፣ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ይሰጣል፤ ኦክስጅኑ ናይትሮጅንን ከአረፋው ያስወጣዋል። ቀኝ ልብ የተያዘበት በግራ ጎኑ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይተኛል። አንጎሉ የተነካ ግን በጀርባው ዝርግ ይላል፣ ጭንቅላት ዝቅ ማድረጉ እብጠቱን ያባብሳልና። ከዚያ ወዲያ የተመረጠው ሕክምና ግፊቱ ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን መስጠት ነው፤ አረፋው ይኮማተራል፣ ይሟሟልም። ከሐይቁ ዳር ሰው ወደ አምቦ ለማውረድ መጀመሪያ እስከ ጠርዙ መውጣት ግድ ነው፤ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ደግሞ አረፋው በመጠኑ ይሰፋል። ስለዚህ ኦክስጅኑ መኪናው ከመነሣቱ በፊት መጀመር አለበት።