ውኃ የሌለው ወደብ፦ ቀርጤስ ላይ የት እንዋኝ?

ቀርጤስ ደሴት ላይ የት እንደምትዋኙ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው የሚነግራችሁ ስለ አሸዋው ቀለም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ዐለቱን እዩት እላለሁ። በምዕራቡ ጫፍ ፋላሳርና የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ አጠገቡ ጥንታዊ ወደብ ታገኛላችሁ። ወደቡ ውስጥ ግን ውኃ የለም! ግንቡ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 365 የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ምዕራብ ቀርጤስን ሽቅብ ገፋው፤ ፋላሳርና ላይ ከ6 ሜትር በላይ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያህል በሉት። በምን ታወቀ? ባሕር ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ባለዛጎል ፍጥረታት የቦረቦሩት ቀዳዳ ዛሬ ከውኃው በላይ ዐለቱ ላይ ይታያል።

የባሕር ወለል ድንገት ሲነሣ በላዩ ያለውንም ውኃ ያነሣዋል፤ ሱናሚ የሚባለው ይኸው ነው። ማዕበሉ እስክንድርያ ደርሶ መርከቦችን ጣራ ላይ ሰቀለ። (አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስ ያኔ በሕይወት ነበር።) የታሪክ ጸሐፊው አሚያኑስ ማርኬሊኑስ እንደሚለው፣ ባሕሩ መጀመሪያ ሸሸ፤ ሰዎችም ባዶው ወለል ላይ ዓሣ ሊለቅሙ ወረዱ። ከዚያ ውኃው ተመለሰ። ሺዎች አለቁ።

እና የት ትዋኙ? ዋና ብዙም ለማይችል ኤላፎኒሲ ይሻላል፣ እስከ ትንሿ ደሴት ድረስ ውኃው ጥልቅ አይደለም። ፋላሳርና ለምዕራብ ነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ሞገድ ካለ አትግቡ። የትም ቢሆን ግን ፎጣችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን መንገድ እዩ። መሬቱ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም ባሕሩ ድንገት ከሸሸ፣ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ሽቅብ ሩጡ። ፎጣውን ተዉት።