ከቴምፕቴሽንስ የወጣው ድምፅ

የአንድ ባንድ መሪ ድምፃዊ ከጓደኞቹ ተለይቶ በግሉ ሲወጣ አድማጩ የሚጠብቀው ነገር ግልጽ ነው። የሚወደው ድምፅ አሁንም አለ፣ ስለዚህ የሚወደው ሙዚቃም ይቀጥላል ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ ግን አይቀጥልም። ሚክ ጃገር በ1985 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሺስ ዘ ቦስ» የተባለውን የግል አልበሙን ሲያወጣ በምድር ላይ ስማቸው ከገነነ ዘፋኞች አንዱ ነበር። ፍሬዲ መርኩሪም በዚያው ዓመት «ሚስተር ባድ ጋይ» ብሎ ብቻውን ሞክሯል። ዛሬ ሁለቱ ሰዎች የሚነሡት በሮሊንግ ስቶንስና በኩዊን እንጂ በእነዚህ አልበሞች አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ውድቀት የሚሰጡት ማብራሪያዎች ከሁለት አያልፉም፤ አንዱ «ትዕቢት ጣለው» ይላል፣ ሌላው «ድሮም ያን ያህል አልነበረም» ይላል። ሁለቱም ፍርድ በሰውዬው ላይ ነው፣ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስሉኛል። መታየት ያለበት ሰውዬው ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣና ምን ትቶ እንደሄደ ነው። ይህን ከማንም በላይ አጉልቶ የሚያሳየው የዲትሮይቱ ቡድን የቴምፕቴሽንስ ድምፃዊ የነበረው የዴቪድ ሩፊን ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዘፋኙ ሳይሆን ከቤቱ ነው። ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በ1959 የጀመረው ድርጅት፣ በኋላ ሞታውን የተባለው፣ በዌስት ግራንድ ቡልቫርድ 2648 ቁጥር በሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ጎርዲ ከዚያ በፊት በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ሠርቷል፤ አንዱ ሠራተኛ ጎማውን፣ ሌላው በሩን እየገጠመ መኪናው ተሟልቶ ሲወጣ ያየውን አሠራር ወደ ሙዚቃ አመጣው። ዜማና ግጥም የሚደርሱት ለብቻ ነበሩ፤ ስሞኪ ሮቢንሰን፣ ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ፣ ቆይቶም ኖርማን ዊትፊልድ። መሣሪያ የሚጫወቱት ዘ ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት ባለሙያዎች ሌት ተቀን ከስቱዲዮው አይጠፉም ነበር። ማክሲን ፓወል ወጣቶቹን አቋቋምና አነጋገር ታስተምራለች፣ ቾሊ አትኪንስ የመድረክ እንቅስቃሴ ያለማምዳል። የተቀዳው ዘፈን ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ድምፅ ይሰጡበታል። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ሕዝብ የሚያየው የመጨረሻዋን ቀለበት፣ ማይክራፎን የጨበጠውን ሰው ብቻ ነው። የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ስም በሞታውን ሸክላ ላይ መታተም የጀመረው በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ነው። ያ ማለት ቤቱ ከአሥር ዓመት በላይ አሜሪካን ሲያስጨፍር ከኖረ በኋላ ማለት ነው።

ሩፊን ወደዚህ ቤት የገባው ተሠርቶ ወደቆየ ቡድን ነው። ቴምፕቴሽንስ ከሁለት ቀደምት ቡድኖች የተዋቀሩ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ኤዲ ኬንድሪክስና ፖል ዊሊያምስ ከአንዱ፣ ኦቲስ ዊሊያምስ፣ ሜልቪን ፍራንክሊንና አል ብራያንት ከሌላው። ብራያንት ከቡድኑ ሲባረር በ1964 መጀመሪያ ላይ የሚሲሲፒው ልጅ ሩፊን በቦታው ተተካ። የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ያሳለፈው ከተቀባዮቹ ጋር ቆሞ ነው፤ በዚያ ዓመት ቡድኑን ያስተዋወቀው የኬንድሪክስ ቀጭን ድምፅ ነበር። በሩፊን ሻካራና በተማጽኖ የተሞላ ድምፅ ውስጥ ያለውን ነገር አይቶ ዘፈን የሰፋለት ስሞኪ ሮቢንሰን ነው፤ «ማይ ገርል» የተባለውን ዜማ ከሮናልድ ኋይት ጋር ደርሶ ለሩፊን ሰጠው። በመጋቢት 1965 ዘፈኑ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ቴምፕቴሽንስ አንደኛ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ሩፊን አፉን ሳይከፍት አድማጩ ዘፈኑን ያውቀዋል። ጄምስ ጃመርሰን በቤዝ ይጀምራል፣ ሮበርት ኋይት በጊታር ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ከበስተኋላ አራቱ ጓደኞቹ ይቀበሉታል፣ ዝቅ ብሎም ፖል ራይዘር ያቀናበራቸው ቫዮሊኖች ይገባሉ። ሩፊን በዚህ ሁሉ ላይ የሚያክለው ትንሽ አይደለም። ያለ እሱ ድምፅ ዘፈኑ ያን የመማጸን ክብደት አይኖረውም ነበር፤ ግን የእሱ ድምፅ ያረፈው ሌሎች በሠሩት ወለል ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት «ኤይንት ቱ ፕራውድ ቱ ቤግ»ን፣ «አይ ዊሽ ኢት ዉድ ሬይን»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ሩፊንን የቡድኑ ፊት አደረጉት። በ1967 ሞታውን ሱፕሪምስን «ዳያና ሮስ ኤንድ ዘ ሱፕሪምስ» ብሎ ሲሰይም ሩፊንም ስሙ ከቡድኑ ስም ፊት እንዲወጣ ጠየቀ። ከጓደኞቹ ተለይቶ በራሱ ሊሞዚን ይጓዝ፣ ልምምድና ዝግጅት ያጓድል ጀመር። በዚያው ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣ ነበር፤ ኩባንያው የቡድኑን ገቢና ወጪ በሒሳብ መዝገብ እንዲያሳይ። ስለ ሩፊን ትዕቢት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ይዘሉታል፣ ይህም ተገቢ አይመስለኝም። ሸክላው በሚሊዮን ሲሸጥ ድርሻው ስንት እንደሆነ የማያውቅ ዘፋኝ መጠየቁ መብቱ ነው። በሰኔ 1968 በክሊቭላንድ ከተማ ከተያዘ ዝግጅት ሲቀር ጓደኞቹ አባረሩት፣ በቦታው ዴኒስ ኤድዋርድስን አስገቡ። ሩፊን ለጥቂት ጊዜ በቡድኑ ዝግጅቶች ላይ ሳይጠራ መድረክ እየወጣ ማይክራፎኑን ይነጥቅ ነበር፤ ሕዝቡም ያጨበጭብለት ነበር። ጭብጨባው ግን ወደ ቦታው አልመለሰውም። ከሞታውን ለመላቀቅ ፍርድ ቤት ቢሄድም ውሉን እዚያው እንዲፈጽም ሆነ።

ይህ በሆነ ጥቂት ወራት ውስጥ የታየው ነገር ለክርክሬ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ኖርማን ዊትፊልድ የሩፊንን ክፍተት በሌላ ሩፊን ሊሞላው አልሞከረም። «ክላውድ ናይን» በተባለው ዘፈን መሪነቱን ለአምስት አካፈለው፤ አንዱ ስንኝ ይጀምራል፣ ሌላው ይነጥቀዋል፣ የፍራንክሊን ወፍራም ድምፅ ከታች ይመልሳል። በ1969 ይህ ዘፈን ለሞታውን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አስገኘ። ቴምፕቴሽንስ በሠንጠረዡ አንደኛ የወጡት በጠቅላላው አራት ጊዜ ነው፤ «ማይ ገርል» በ1965፣ «አይ ካንት ጌት ኔክስት ቱ ዩ» በ1969፣ «ጀስት ማይ ኢማጂኔሽን» በ1971፣ «ፓፓ ዎዝ ኤ ሮሊን ስቶን» በ1972። ሦስቱ የመጡት ሩፊን ከሄደ በኋላ ነው። የመጨረሻው የመጣው ደግሞ ኬንድሪክስም ከወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ድምፆች ሄደው ቤቱ ቆመ፤ ምክንያቱም ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ተጫዋቾቹ፣ የቡድኑ ስምና የመቀባበል ልማዱ አልሄዱም።

ሩፊንስ ምን ይዞ ወጣ? ድምፁን፣ ዝናውንና ሊፈታው ያልቻለውን ውል። የመጀመሪያው የግል ሸክላው «ማይ ሆል ወርልድ ኤንድድ» በ1969 በሠንጠረዡ 9ኛ ደረሰ፤ ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ዘፈኑ የተሠራው እዚያው ሞታውን ውስጥ፣ በጆኒ ብሪስቶልና በሃርቪ ፉኩዋ አዘጋጅነት ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ነጠላ ዜማዎቹ ያን ያህል አልሄዱም። በ1971 ሊወጣ የተዘጋጀውን ሙሉ አልበም ኩባንያው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ለአድማጭ የደረሰው በ2004 ነው። ከዚያም በ1975 ቫን ማኮይ የሚባል የራሱ ድምፀት ያለው አቀናባሪ ሲያገኝ «ዎክ አዌይ ፍሮም ላቭ» እንደገና 9ኛ ወጣ፣ በጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ሠንጠረዥም አንደኛ ሆነ። እነዚህን ሁለት ከፍታዎችና በመሃላቸው ያለውን ገደል አስተውሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፁ ሞቶ አልተነሣም። የተለዋወጠው ከድምፁ ሥር ያለው ሰው ነው፤ ጠንካራ አዘጋጅ ሲኖር ይነሣል፣ ሲጠፋ ይወርዳል።

እዚህ ላይ «አደንዛዥ ዕፅስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ከባድ ነው። ሩፊን በኮኬይን ሕይወቱን አጎሳቁሏል፣ በ1982 ከግብር ጋር በተያያዘ ታስሯል፣ በሰኔ 1991 በፊላደልፊያ በ50 ዓመቱ የሞተውም በዚሁ ዕፅ ነው። ይህን ማሳነስ ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም ዕፁ ሁሉን ያስረዳል ለማለት አይቻልም። ቡድኑ ውስጥ ሳለም ሕይወቱ የተስተካከለ አልነበረም፣ ያኔ ግን ሸክላዎቹ ይወጡና ይሸጡ ነበር። ልዩነቱ ያኔ እሱ ሲያጓድል የሚሸፍን አደረጃጀት መኖሩ ነው። አራት ሰዎች ልምምዱን ይቀጥላሉ፣ ሙዚቃው ያለ እሱ ይቀዳል፣ እሱ መጥቶ ድምፁን ብቻ ያስገባል። ብቻውን የወጣ ሰው የሚያጓድላት እያንዳንዷ ቀን ግን ሥራውን ታቆማለች። ከቡድኑ ጋር የተረፈ ሰው ሁሉ ደህና ነበር ማለቴም አይደለም፤ ፖል ዊሊያምስ በመጠጥና በሕመም ተዳክሞ በ1973 ሞቷል።

ከዚህ የበለጠ የሚፈትነኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ከዚያው ቤት ወጥተው በግላቸው የገነኑ አሉ። ዳያና ሮስ በ1970 ከሱፕሪምስ ወጥታ በዚያው ዓመት አንደኛ ደረጃ ላይ ነበረች፤ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ደግሞ ቡድኖቻቸውን ያስረሱ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሲወጡ የያዙትን ስንመለከት ግን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዳያና ሮስ ከቡድኑ ወጣች እንጂ ከቤቱ አልወጣችም፤ ጎርዲ ራሱ ከኋላዋ ነበር፣ አሽፎርድና ሲምፕሰን ዜማ ይሠሩላት ነበር። ሪቺ በ1982 ኮሞዶርስን ሲለይ የቡድኑን ዝነኛ የፍቅር ዘፈኖች የደረሰው እሱ ስለነበር ድርሰቱ አብሮት ሄደ። የጃክሰን ወንድማማቾች በ1975 ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሻገሩ «ጃክሰን ፋይቭ» የሚለው ስም በሞታውን እጅ ቀረ፣ እነሱም «ዘ ጃክሰንስ» ተባሉ፤ ማይክልን ለ1979ኙ «ኦፍ ዘ ዎል» ያበቃው ከኩዊንሲ ጆንስ ጋር መገናኘቱና ራሱ ዜማ መድረስ መጀመሩ ነው። ኬንድሪክስም በ1973 በ«ኪፕ ኦን ትራኪን» አንደኛ ሲወጣ ፍራንክ ዊልሰንና ሌናርድ ካስተን አዲስ የጭፈራ ምት አበጅተውለት ነበር። የተሳካላቸው ሁሉ ወይ ድርሰት፣ ወይ አዘጋጅ፣ ወይ ቤቱን ራሱን ይዘው ነው የወጡት። ሩፊን ዜማ ደራሲ አልነበረም፣ ቤቱም ፊቱን አዙሮበት ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ የሚመስልበት ምክንያት አለ። የሶል ሙዚቃ በአሥመራው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና በሸክላ ወደ እኛ ደርሶ የአዲስ አበባን ባንዶች አነቃቅቷል፤ የቡድንን ስም የማስቀደም ልማዱ ግን እንደነበረ አልመጣም። በእኛ አገር በሸክላውና በካሴቱ ሽፋን ላይ ይታይ የነበረው ዘፋኙ ነው። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 ሲቀዳ የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ይኸው ባንድ በኋላ ሮሃ ተብሎ አስቴር አወቀን ጨምሮ የብዙ ዘፋኞችን ካሴት ሠርቷል። ሕዝቡ ግን የሚያወራው የማህሙድን፣ የአስቴርን ሥራ ነው። ስለዚህ «ዘፋኙ ከባንዱ ወጥቶ ወደቀ» የሚል ወሬ እኛ ዘንድ እምብዛም አልተለመደም፤ ዘፋኙ ከመጀመሪያውም ብቻውን የቆመ ይመስላልና። እውነቱ ግን ያው ነው። አንድ ድምፃዊ በአንድ ዘመን ካሴት በካሴት ላይ አሪፍ ሥራ አውጥቶ በሚቀጥለው ዘመን ሲቀዘቅዝ «ድምፁ ሟሸሸ» እንላለን፤ ቅንብሩን የሠራው ማን ነበር፣ አሁንስ ማን ነው ብለን የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን። ብንጠይቅ ሮሃን፣ ዳህላክንና ዋሊያስን ከዘፋኞቹ እኩል እናነሣቸው ነበር።

በዚያው በዲትሮይት የዚህን ሁሉ ተቃራኒ የመረጠ አንድ ሰው ነበር። የፎር ቶፕስ መሪ ድምፃዊ ሌቪ ስታብስ ከሩፊን የማያንስ ድምፅ ነበረው፣ በግሉ ለመውጣትም ሆነ ስሙን ለማስቀደም አልፈለገም። አራቱ ሰዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ አብረው ከጀመሩ ጀምሮ ሎውረንስ ፔይተን በ1997 እስኪሞት አልተለያዩም። ስታብስ ትክክል፣ ሩፊን ስህተት ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ሒሳብ መጠየቅ ያለበትን የጠየቀ ሩፊን ነው። የሩፊን ስህተት ሕዝቡ ስሙን ስለሚጠራ ሙዚቃው የእሱ ነው ብሎ ማመኑ ነው። በ1989 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስድስት የቴምፕቴሽንስ አባላትን ሲቀበል ሩፊን አንዱ ነበር፤ እዚያ የተመዘገበው በቡድኑ ስም ነው፣ በግል ሥራው እስከ ዛሬ አልገባም።