ሪክዉድ፤ የአንድ ሰው ስም፣ የሁለት ቡድን ሜዳ

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በበርሚንግሃም ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከ1910 ጀምሮ የቆመ የቤዝቦል ሜዳ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪክዉድ ፊልድ ይባላል። በአገሩ ካሉት የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሜዳዎች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። ስሙ ለማያውቀው የሰፈር ስም ይመስላል፤ የሰው ስም ነው።

ሰውዬው አለን ሃርቬይ ዉድዋርድ ሲሆን ወዳጆቹ «ሪክ» ይሉታል። ቤተሰቡ በብረት ሥራ የከበረ ነው። በርሚንግሃም ራሷ በ1871 የተቆረቆረችው የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በአንድ አካባቢ በመገኘታቸው ነው፤ ከከፍተኛው ሊግ በታች ባለው ማይነር ሊግ የሚጫወተው ቡድኗም ከከሰል ከበርቴዎች ስም ወስዶ «ኮል ባሮንስ»፣ ባጭሩ ባሮንስ ተባለ። የቀድሞው ሜዳቸው አጠገብ ከብረት ማቅለጫ የወጣ ዝቃጭ ተከምሮ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ክምሩ ላይ ወጥቶ ያለ ትኬት ጨዋታውን ያይ ነበር። ሪክ ቡድኑን ሲገዛ ከዚያ የተሻለ ሜዳ ፈለገና የፊላዴልፊያ አትሌቲክሱን አሰልጣኝ ኮኒ ማክን አማከረ። የተሠራው ሜዳ በማይነር ሊግ ደረጃ የመጀመሪያው የአርማታና የብረት ስታዲየም ሆነ።

ስሙን ያወጣው ግን ሪክ አይደለም። በጋዜጣ ውድድር ተደርጎ ሕዝቡ ነው የመረጠው፤ የቅጽል ስሙንና የአባት ስሙን መጀመሪያ አጋጥመው «ሪክዉድ» አሉት። ነሐሴ 18 ቀን 1910 ሲመረቅ ከ10,000 በላይ ሰው መጣ፤ ባሮንስም የሞንትጎሞሪን ቡድን 3 ለ 2 አሸነፈ። ዛሬ ባሮንስ የሚጫወትበት መሀል ከተማ ያለው ስታዲየም በ2013 ሲከፈት የተሰየመው በባንክ ስም ነው። በገንዘብ የተገዛ ስም ውሉ ሲያልቅ ይነሳል። ሪክዉድ ግን ዉድዋርድ በ1930ዎቹ ቡድኑን ከሸጠ በኋላም ሪክዉድ ነው።

ስሙን ያከበረው አንዱ ቡድን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ነጮቹ ባሮንሶች ለጨዋታ ከከተማ ሲወጡ ሜዳውን የሚይዘው በጥቁሮች ሊግ የሚጫወተው «ብላክ ባሮንስ» ነበር። ተጫዋቾቹን ያፈሩት በአብዛኛው የፋብሪካ ቡድኖች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ብረት አቅልጦ ቧንቧ ሲሠራ የሰነበተ ሰው ቅዳሜና እሑድ ኳስ ይመታ ነበር። እሑድ ምእመኑ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ፣ የክት ልብሱን እንደለበሰ ወደ ሜዳው ይጎርፍ ነበር። ዝነኛው ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ በ1920ዎቹ መጨረሻ እዚህ ተጫውቷል። በ1948 ደግሞ የአንድ ብረት ሠራተኛ ልጅ፣ ገና የ17 ዓመት ተማሪ የነበረው ዊሊ ሜይስ ማልያውን ለበሰ። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ቡድኑ ሲጓዝ አብሮ አይሄድም ነበር። በዚያው ዓመት ብላክ ባሮንስ ለጥቁሮች ሊግ የመጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ ደርሶ በሆምስቴድ ግሬይስ 4 ለ 1 ተሸነፈ።

የነጮቹ ቡድን ሲጫወት ጥቁሮች በስተቀኝ በኩል ጥግ ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ ፀሐይ እየመታቸው ይቀመጡ ነበር። ብላክ ባሮንስ ሲጫወት ደግሞ ተለይተው የሚቀመጡት ነጮቹ ነበሩ። በ1936 የቆሙት የመብራት ማማዎች ከጣሪያው አልፈው ወደ ሜዳው ያዘነበሉ ናቸው፤ የሚያበሩትም ለሁለቱም ቡድን ነበር። መቀመጫው ተከፍሏል፣ የጨዋታው ቀን ተከፍሏል፤ ሳይከፈል የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ጥቁሩም ነጩም «ሪክዉድ እንሂድ» ይል ነበር። የዚህ ስም ክብር ለእኔ ከዚህ ይመጣል፤ ከዉድዋርድ ሀብት አይመጣም።

ጭካኔውም ከዚሁ ሜዳ አይርቅም። በ1963 ለጥቁሮች እኩልነት በወጡ ሰልፈኞች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውሃ ያዘመተው ቡል ኮነር፣ ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት የታወቀው የባሮንስን ጨዋታ በሬዲዮ በማስተላለፍ ነው። በ1950 የወጣው የከተማዋ ደንብ ቤዝቦል ይቅርና ዳማ እንኳ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር። ባሮንስ የሚጫወትበት ሊግ ከ1961 በኋላ ፈረሰ፣ ሜዳውም ያለ ቡድን ቀረ። ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ያቀፈው ቡድን የተመለሰው በ1964 ነው።

ባሮንስ በ1987 መጨረሻ ሜዳውን ለቆ ሄደ። ያኔ ሊፈርስ ይችል ነበር፤ የከተማዋ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው በገዛ እጃቸው እየጠገኑ አቆዩት። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል፤ ለትርፍ የማይሆን አሮጌ ሕንፃ በዚህ ዘመን በፍቅር ሲድን ብዙ አናይም።

ሰኔ 20 ቀን 2024 የከፍተኛው ሊግ ቡድኖች፣ ጃያንትስና ካርዲናልስ፣ በሪክዉድ ተጋጠሙ። ዊሊ ሜይስ በ93 ዓመቱ ያረፈው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በ1967 እዚያ የተጫወተው ጥቁሩ ተጫዋች ሬጂ ጃክሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ምግብ ቤትና ሆቴል እንዴት ይከለክሉት እንደነበር ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ አሰልጣኙና ነጭ ጓደኞቹ ከጎኑ ባይቆሙ ኖሮ እንደማይዘልቀው ጭምር። ተጫዋቾቹ የጥቁሮችን ሊግ ማልያ ለብሰው ነበር። ዳኞቹ ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ፤ በከፍተኛው ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ካርዲናልስ 6 ለ 5 አሸነፈ።